ኦጎኒ ላይ ያየሁት ውሃ፤ ነዳጅ ከመቆፈሩ በፊት ማን ይጠየቅ?

የውሃ_ሰው (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። የውሃ ጥራት ባለሙያ ነኝ። እንጀራዬ ውሃ ቀድቶ መመርመር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥልጠና ናይጄሪያ፣ ፖርት ሃርኮርት ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ነበር። እዚያ ያየሁት ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ሰሞኑን በየቦታው ስለ ነዳጅና ጋዝ ሲወራ ስሰማ ደግሞ መጻፍ አለብኝ አልኩ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ያየሁት ጥላሸቱን ነው። ጠዋት ተነስቼ ያረፍንበትን ቤት የበረንዳ ብረት ስደገፍ መዳፌ ጠቆረ። ከተማዋ ላይ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ጥላሸት ይወርዳል። የቤቱ ሠራተኛ የተሰጣ ልብስ ስታስገባ አንድ በአንድ ታራግፋለች። ለእሷ የየቀን ሥራ ሆኗል።

አንድ ቀን ወደ ኦጎኒ ወሰዱን። ከከተማው ብዙ አይርቅም። የኦጎኒ ምድር 1,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕዝቡ ካሳቫና ያም ይተክላል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ማንግሮቭ ከሚባለው የባሕር ዳር ጫካ ሥር ቀንድ አውጣ ይለቅማል። ነዳጅ የተገኘበት በ1958 ነው። ያኔ ናይጄሪያ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ፈቃዱን የሰጠው ቅኝ ገዢው እንጂ የኦጎኒ ገበሬ አልነበረም።

ውሃው ዳር ወረድን። የዛፎቹ ሥር ማዕበሉ እስከሚደርስበት ድረስ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ምጣድ ይመስላል። እግሬን ጭቃው ላይ ጫን ሳደርገው ከጫማዬ ጎን ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ብቅ አለ። ሽታው ጋራዥ ውስጥ የገባችሁ ያህል ነው። አንድ አዛውንት ቤታቸው ወሰዱን። የዓሣ መረባቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ አቧራ ጠጥቷል። ዓሣ የሚበሉት ከገበያ ገዝተው እንደሆነ ነገሩን። ዕድሜ ልኩን ያጠመደ ሰው ዓሣ ሊገዛ ወረፋ ሲጠብቅ አስቡት።

ከዚያ ወዲህ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2011 ያወጣውን የኦጎኒ ጥናት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ኒሲሲዮከን ኦጋሌ የምትባል ቦታ አለች። ሰዉ ከሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ቤንዚን ተገኘ። ማደያ ላይ የምንቀዳውን ማለቴ አይደለም፤ ስሙ የሚመሳሰል፣ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ነው። መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ ከ900 እጥፍ በላይ ነበር። ከመሬት በታች ባለው ውሃ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተጣራ ነዳጅ ተንሳፍፎ ተገኝቷል። እኔ በሥራዬ ጣሪያውን 2 ወይም 3 እጥፍ ሲያልፍ ነው ጉድጓድ ይዘጋ ብዬ የምጮኸው።

ጥናቱ ጽዳቱ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ብቻ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ጽዳቱ በይፋ የተጀመረው በ2016 ነው። መሬት ላይ ሥራ የታየው ደግሞ በ2019።

የምጠይቃችሁ ይኼን ነው። ስለ ካሳ ብዙ ይወራል። ካሳ ግን ከተበላሸ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ቁፋሮው ሳይጀመር «ቆይ እስቲ» ማለት የቻለ፣ እንደ ኦጎኒ ያለ ነባር ሕዝብ የት አለ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሄኖክ_ካዛንቺስ

ወንድሜ እጅህ ይባረክ። የኦጎኒው ጸሐፊና ታጋይ ኬን ሳሮ-ዊዋ የተሰቀለው ለዚሁ ሕዝብ ሲል አይደል? ልጅ እያለሁ አባቴ ዜናውን በሬዲዮ ሰምቶ ምሳውን ትቶ ሲነሳ አስታውሳለሁ። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

የውሃ_ሰው

አዎ ሄኖክ፣ እሱ ነው። በ1990 ኦጎኒዎች የመብት ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አወጡ፣ ሞሶፕ የሚባለውንም ንቅናቄ መሠረቱ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1993 ወደ 300,000 ሰው አደባባይ ወጣ። ከጠቅላላ ሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። መሣሪያ አልያዙም፣ ቅጠል ነው የያዙት። በዚያው ዓመት የነዳጅ ኩባንያው ሼል ከኦጎኒ ማምረት አቆመ።

ከዚያ ነገሩ ከፋ። በ1994 አራት የኦጎኒ ሹማምንት በሕዝብ ግርግር መሐል ተገደሉ። ወታደራዊው መንግሥት ግድያውን ሳሮ-ዊዋና ባልደረቦቹ ላይ አላከከ። ልዩ ፍርድ ቤት አቁሞ ኖቬምበር 10 ቀን 1995 ዘጠኙንም ሰቀላቸው። ናይጄሪያ ከኮመንዌልዝ የታገደችው በዚያ ምክንያት ነው። ቤተሰቦቻቸው ሼልን አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰው በ2009 ጉዳዩ በ15.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ አላለም።

በ2025 ጁን ወር ላይ ፕሬዚዳንት ቲኑቡ ለዘጠኙ ይቅርታ አድርገው የክብር ሜዳልያ ሰጡ። ብዙ ኦጎኒዎች ግን ቅር አላቸው። ይቅርታ የሚደረገው ላጠፋ ሰው ነውና። እነሱ የሚፈልጉት ፍርዱ ራሱ እንዲሰረዝ ነው።

ኢንጂነር_ተስፋ

ወንድሜ የውሃ ሰው፣ ያየኸውን አልክድም። እኔም ግን በኢነርጂ ዘርፍ ነው የምሠራው፣ ሌላውንም ጎን ማንሳት አለብኝ። እናቴ እኛን ያሳደገችው ጭስ እየበላች ነው። ዛሬ ዓይኗ ደክሟል። አገራችን ነዳጇን ከውጭ በዶላር ታስገባለች። ማዳበሪያውም እንደዚያው። ጋዝ ከመሬት ሥር እያለን አናውጣ ማለት ለእኔ ከባድ ነው።

ሁለተኛ፣ ኦጎኒ በምትገኝበት በኒጀር ዴልታ ላይ የሚፈስሰው ሁሉ የኩባንያ ጥፋት አይደለም። ቱቦ በስተው ድፍድፍ ዘይት የሚቀዱ አሉ። ጫካ ገብተው በበርሜል የሚያነጥሩ አሉ። ያየኸው ጥላሸት አብዛኛው የሚነሳው ከነዚህ ነው ይባላል። ይኼም ይነገር።

የውሃ_ሰው

ልክ ነህ ኢንጂነር፣ ይነገር። የ2011ዱ ጥናትም የበርሜል ማንጠሩን በግልጽ አንስቶታል። እኔም ከመኪና ሆኜ ከጫካው ውስጥ የሚወጣውን ጥቁር ጭስ አይቻለሁ። አደገኛ ሥራ ነው፣ ወጣቶች ይቃጠሉበታል።

ግን አንድ ነገር ልጨምር። ኦጎኒ ውስጥ ቦዶ የምትባለዋን ከተማ እንውሰድ። በ2008 የሼል ዋና ቱቦ በሁለት ቦታ ፈነዳ። ኩባንያው ጥፋቱን አምኗል። ሰዎቹ ለንደን ድረስ ሄደው ከሰሱና በ2015 በ55 ሚሊዮን ፓውንድ ተስማሙ። ለ15,600 ሰው ለእያንዳንዱ 2,200 ፓውንድ ገደማ ደረሰው። የቀረው ለማኅበረሰቡ ሆነ። በስድስት ሰባት ዓመት ውስጥ ግን ያደገ ልጅ አለ። አባቱ ዓሣ ማጥመድ የሚያስተምርበት ውሃ አልነበረውም። ያ ልጅ በርሜል ሥር እሳት ቢያነድድ አልደግፈውም፣ ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ደግ ነገርም ልንገርህ፤ ቦዶ ላይ ጭቃው ሲታጠብ፣ ማንግሮቭም መልሶ ሲተከል ቆይቷል።

ሼል በበኩሉ የናይጄሪያ የየብስ ሥራውን ሸጦ በ2025 ወጥቷል። እዳው ማን ላይ እንደቀረ የዴልታ ሰዎች አሁን የሚጨቃጨቁበት ጉዳይ ነው።

ጋሽ_በላይ_ደሴ

ልጆቼ፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። አንድ ያልገባኝን ልጠይቅ። «ነባር ሕዝቦች» የሚባለው ለአሜሪካ ሕንዶች፣ ለአውስትራሊያ አቦርጅኖች ነው የሚመስለኝ። አፍሪካ ውስጥ ሁላችንም ነባር አይደለንም ወይ? ማን ከማን ይለያል?

ራሄል_የሕግ_ነገር

ጋሽ በላይ ጥሩ ነገር ነው ያነሱት። ብዙ የአፍሪካ መንግሥታትም ሲከራከሩ የኖሩት እንደዚያው ብለው ነው። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ጥያቄውን ማን ቀድሞ መጣ ብሎ አይመልስም። ኑሮው፣ ባህሉ፣ እምነቱ ከአንድ መሬት ጋር የተሳሰረ፣ ከፖለቲካውም ከልማቱም ወደ ዳር የተገፋ ሕዝብ ነው የሚያየው። አርብቶ አደሮችና አድነው የሚኖሩ ሕዝቦች በብዛት እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ኦጎኒን በተመለከተ ይኼው ኮሚሽን በ2001 ናይጄሪያ ጥፋተኛ ናት ብሎ ወስኗል። የአፍሪካ ቻርተር አንቀጽ 24 ሕዝቦች ለዕድገታቸው የሚስማማ ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 21 ደግሞ በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ ያላቸውን መብት ይጠቅሳል። ሕግ ስማር ይኼን ውሳኔ ሳነብ አለቀስኩ ብል አላፍርም። የምግብና የመጠለያ መብት ቻርተሩ ላይ በስም አልተጻፉም፤ ኮሚሽኑ ግን ከሌሎቹ መብቶች ውስጥ አውጥቶ አነበባቸው።

በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ ሲያጸድቅ 144 አገሮች ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ፣ 11 ድምፅ ተዓቀቡ። ከተዓቀቡት ውስጥ ናይጄሪያና ኬንያ ነበሩ። መግለጫው ውስጥ ያለው ዋና ቃል «ፈቃድ» ነው። ሳይገደዱ፣ አስቀድሞ፣ ነገሩን አውቀው የሚሰጡት ፈቃድ። የውሃ ሰው የጠየቅከው «ቆይ እስቲ» ማለት እሱ ነው።

ምሳሌ ከፈለግክ ኢኳዶር አለልህ። የአማዞን ዋኦራኒዎች በ2019 መንግሥትን ከሰው ረቱ። ፓስታዛ ያለው ፍርድ ቤት፣ ነዳጅ ለመቆፈር ብሎክ 22 የተባለው መሬት ጨረታ ላይ ሊወጣ ሲል ሕዝቡ በአግባቡ አልተጠየቀም አለ። 180,000 ሄክታር ጫካ ለጊዜው ዳነ። መንግሥት ተጠይቀዋል ያለው ባለሥልጣናቱ መጥተው ያስፈረሙትን ነበር። ዋኦራኒዎቹ ደግሞ ምን ላይ እንደፈረምን አልተነገረንም አሉ። በ2023 ደግሞ መላው ኢኳዶር ያሱኒ ስለሚባለው የአማዞን ብሔራዊ ፓርክ ድምፅ ሰጠ። 59 ከመቶ ያህሉ ዘይቱ መሬት ውስጥ ይቅር አለ። ጉድጓዶቹን መዝጋቱ ግን እጅግ ተጓትቷል።

ሰናይት_ሚኒሶታ

እኔ ሚኒሶታ ነርስ ነኝ። እዚህ ብዙ አበሻ አለ፣ ግን ይኼን ታሪክ የምናውቅ ጥቂት ነን። አኒሺናቤ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች አሉ። ሐይቅ ላይ በራሱ የሚበቅል ማኖሚን የሚሉት ሩዝ አላቸው። በታንኳ ገብተው፣ አንዱ እየገፋ፣ ሌላው በሁለት እንጨት ዘለላውን ታንኳው ላይ እየመታ ያራግፋል። የወደቀው ወድቆ ለከርሞ ዘር ይሆናል። ለእነሱ እኛ ጤፍን እንደምናየው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል፣ ከእምነታቸው ጋር የተያያዘ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አንድ ከረጢት ሰጥታኝ ቀቅዬ በልቼዋለሁ። የጭስ ጠረን አለው።

ላይን 3 የሚባለው ቱቦ ከካናዳ ድፍድፍ ይዞ በዚያ አካባቢ ያልፋል፣ በቀን 760,000 በርሜል። አሮጌው አርጅቶ ነበር፣ አዲሱ በሌላ መስመር ተዘረጋ። ዋይት ኧርዝና ሬድ ሌክ የሚባሉት የአኒሺናቤ ጎሣዎች ተቃወሙ። ፎንድ ዱ ላክ የሚባለው ሌላው ጎሣ ግን በመጨረሻ ፈረመ። ባይፈርሙ ቱቦው ዞሮ በሌላ በኩል የአደን መሬታቸውን ያቋርጥ ነበር። ባልደረባዬ በፈረሙት ላይ አትፈርድም። እኔም አልፈርድም።

ሲቆፍሩ በ2021 ጃንዋሪ ክሊርብሩክ አጠገብ የከርሰ ምድር ውሃ ቀደዱ። ቢያንስ 24 ሚሊዮን ጋሎን፣ ወደ 90 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ፈሰሰ። ድርጅቱ 3.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ታዘዘ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ዘይቱ በቱቦው ውስጥ መሄድ ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

በደቡብ ዳኮታና በሰሜን ዳኮታ ድንበር፣ የስታንዲንግ ሮክ ጎሣ የነዳጅ ቱቦ የተቃወመበትን ነገር ሁላችሁም በ2016 ዜና ላይ ሰምታችኋል። እዚያም ቱቦው መጀመሪያ ቢስማርክ ከሚባለው ከተማ በላይ ሊያልፍ ታስቦ ነበር፤ በኋላ ወደ ጎሣው ውሃ ተጠጋ። ዘይቱ ከ2017 ጀምሮ በቱቦው ውስጥ እየሄደ ነው።

ሞያሌ_ኬላ

ቱርካናንም አትርሱ። እኔ በንግድ ኬንያ እመላለሳለሁ። በ2012 ንጋሚያ ላይ ዘይት ሲገኝ ሎድዋር ውስጥ የቤት ኪራይ በአንድ ጊዜ ናረ። የአርብቶ አደሩ ግጦሽ ታጠረ። በ2013 ወጣቶቹ ሥራ አላገኘንም ብለው ወጡና ቁፋሮው ለጊዜው ቆመ። በ2018 ደግሞ ወደ ሞምባሳ ድፍድፍ የጫኑትን ቦቴዎች መንገድ ላይ አስቆሟቸው። ያ ጫና ሳይኖር አይቀርም፣ የ2019ኙ የነዳጅ ሕግ ሲወጣ 20 ከመቶ ለካውንቲው፣ 5 ከመቶ ለአካባቢው ሕዝብ ተባለ። ቱሎ የሚባለው ኩባንያ ግን በ2025 ድርሻውን ሸጦ ወጣ። ከመቶው 5 ከምን ላይ እንደሚከፈል ቱርካናዎቹ እስካሁን ይጠይቃሉ።

የሽላቦ_ልጅ

ይኼን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ከሶማሌ ክልል ነኝ። የጋዙ ቦታ ካሉብ ለእኔ ዜና ላይ የምሰማው ስም አይደለም፣ ግመል የጠበቅኩበት አገር ነው።

አያቴ አሜሪካኖቹን አይተዋል። አባቴ ሩሲያዎቹን አይቷል። እኔ ቻይናዎቹን አየሁ። ሁሉም መጡ፣ ቆፈሩ፣ ከድነው ሄዱ። በመሐል ብዙ ደም ፈሷል። ሚያዝያ 1999 ዓ.ም. አቦሌ በሚባለው የነዳጅ ፍለጋ ሥፍራ ላይ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በክልሉ የሆነውን መከራ የኖርን ሰዎች እናውቀዋለን። ከመሬት ሥር ያለው ጋዝ ለእኛ መጀመሪያ ያመጣልን ወታደርና ፍርሃት ነበር። መስከረም 2018 ዓ.ም. የካሉብ ጋዝ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በቴሌቪዥን አየሁት።

ኢንጂነር ተስፋ፣ ወንድሜ፣ እኔ ጋዙ አይውጣ አልልም። የእናትህ ዓይን ይገባኛል፣ የእኔም እናት በእንጨት ነው የምታበስለው። ግን ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ቀላል ነገር ነው። ግመሎቹ የሚያልፉበት መንገድ የት ላይ ይታጠራል? ከጉድጓዱ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ የት ይጠራቀማል፣ ከብት እንዳይጠጣው አጥሩ ማን ይጠብቀዋል? ልጅ ሲታመም ውሃው ነው አይደለም ለማለት ማን ይመረምራል? በእኛ አገር ዝናብ ሲዘንብ ብርካ የምንለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ሞልተን ለወራት የምንጠጣው እሱን ነው። ውሃ ተበላሸ ማለት ሰፈሩ ተነሳ ማለት ነው።

ኢንጂነር_ተስፋ

የሽላቦ ልጅ፣ አክብሬ ነው ያነበብኩህ። የቆሻሻ ውሃውን ያነሳኸው ልክ ነው። ከጋዝ ጋር ከጥልቅ የሚወጣው ውሃ በጣም ጨዋማ ነው። በፕላስቲክ ያልተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ከተጠራቀመ ወደ ታች ይሰርጋል። ይኼን የሚከለክል አሠራር አለ፣ ውድም አይደለም። ችግሩ የሚመጣው የሚያይ ሰው ከሌለ ነው። እስካሁን ስለ ጋዙ ስናገር ስለ ሰፈሩ ውሃ ጠይቄ አላውቅም። ከዛሬ ጀምሮ እጠይቃለሁ።

ጋሽ_በላይ_ደሴ

የሽላቦ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ ልጄ። ለአያትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የውሃ_ሰው

የሽላቦ ልጅ፣ ጥያቄዬን አንተ መለስክልኝ። ኦጎኒዎች ሲከራከሩ ምን እንደጎደላቸው ታውቃለህ? ከቁፋሮው በፊት ውሃቸው ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ወረቀት አልነበራቸውም። በ1958 የለካ የለም። ስለዚህ «ድሮም እንዲህ ነበር»፣ «ሌባ ነው ያፈሰሰው» ሲባሉ የሚያሳዩት ነገር አጡ። እናንተ ዘንድ ሥራው ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ዛሬ የተለካ ውሃ የዛሬ 10 ዓመት ይመሰክራል።

የሽላቦ_ልጅ

ወሩ ሲያልቅ ወደ ቤተሰብ እሄዳለሁ። ውሃ ላመጣልህ እችላለሁ? በሃይላንድ ጠርሙስ ልቅዳው?

የውሃ_ሰው

በሃይላንድ አይሆንም። ፕላስቲኩ ራሱ ያበላሸዋል፣ የምንፈልጋቸው ኬሚካሎችም ቶሎ ይተናሉ። ጥቁር ቡኒ የብርጭቆ ጠርሙስ እልክልሃለሁ፣ ትንንሽ ናቸው፣ የመድኃኒት ይመስላሉ። እስከ አፉ ሙላው። ክዳኑን ከዘጋህ በኋላ ገልብጠህ እየው፤ የአየር አረፋ ካየህ ደፍተህ እንደገና ቅዳ። በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ አድርገህ በሳምንት ውስጥ እጄ ይግባ። ለጨዉ ምርመራ ለብቻው ሌላ ጠርሙስ እሰጥሃለሁ፣ እሱ ፕላስቲክ ቢሆን ችግር የለውም።

ከብርካውም ከጉድጓዱም ቅዳ። ብርካው የዝናብ ውሃ ስለሆነ ከጭስና ከአቧራ የሚወርደውን ያሳየናል። ከቁፋሮው በታች የሚሰርገው የሚታየው ግን ጉድጓዱ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስም ጻፍበት። ስልክህ ላይ ካርታውን ከፍተህ የቦታውን ቁጥር ፎቶ አንሳ። ስትቀዳ ሁለት ሽማግሌዎች ይቁሙ፣ ስማቸውንና ፊርማቸውን ወይም አሻራቸውን ወረቀት ላይ ያኑሩ። ውጤቱን ሁለት ኮፒ አደርገዋለሁ። አንዱ እነሱ ዘንድ ይቀመጥ።

ሰናይት_ሚኒሶታ

የመላኪያውንና የምርመራውን ወጪ እኔ እችላለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

የሽላቦ_ልጅ

እህቴ ሰናይት፣ አላህ ይስጥሽ። የውሃ ሰው፣ ስንት ጠርሙስ ትልክልኛለህ? እኛ ሰፈር አምስት ብርካ አለ። ጉድጓዱ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ከአያቴ ብርካ እቀዳለሁ፣ እሳቸውም ራሳቸው ቆመው ይፈርማሉ።